ለስላሳ አፈር ያገኘን ቀን

ሰው ራሱን በዱላ ይጠብቃል፣ በዘመድ ይጠብቃል፣ በጸሎት ይጠብቃል። እኔ ራሴን የምጠብቀው በካርቦን ወረቀት ነበር። አትሳቁ፤ ያኔ ከእኔ የባሱም ነበሩ።

ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ሰቆጣ ላይ የውሃ ቧንቧ የሚቀበርበትን ቦይ የሚያስቆፍር የአንድ ተቋራጭ ፎርማን ነበርኩ። ከደብረ ታቦር የሄድኩ፣ ዕድሜዬ ሃያ ስድስት፣ ሻንጣዬ ውስጥ አንድ ዲፕሎማ፣ የደረት ኪሴ ላይ ሁለት እስክሪብቶ። ቆፋሪዎቹ “ኢንጅነር” ይሉኝ ነበር። ኢንጅነር አይደለሁም ብዬ አንድ ቀን እንኳ አላረምኳቸውም።

አለቃዬ አቶ ዘውዱ ይባል ነበር። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ በጽሑፍ አንተ ስለው ምንም ቅር አይለኝም። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት ቢሮው አስቀምጦ መከረኝ።

“ስማ ልጄ፣ መሬት ውስጥ የማን ምን እንዳለ እግዜር ነው የሚያውቀው። አንድ ነገር የተበጠሰ ቀን ግን ማን ቆፈረ ብለው አይጠይቁህም፤ ማን ፈረመ ነው የሚሉህ። ስለዚህ አስቀድመህ ሌላውን አስፈርም።”

እኔም አስፈረምኩ። ከመሬት በታች ንብረት ይኖራቸዋል ለተባሉ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ በሦስት ቅጂ ጻፍኩ። አንደኛው “በተጠቀሰው ቦታ የተቀበረ ንብረት የለንም፤ ቢኖርም ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊነት አንወስድም” ብሎ መለሰ። የሌለ ነገር ቢኖር ኃላፊነት አልወስድም የሚል ሰው ሌላ ቦታ ብታገኙት ጠበል ውሰዱት ትሉ ነበር። ማኅተም ስለነበረው ግን እኔ በደስታ ፋይል አደረግኩት። ሌሎቹም በየቋንቋቸው ይኼንኑ አሉ።

በዚህም አልበቃኝም። የራሴ ፈጠራ የሆነች አንዲት ቅጽ አዘጋጀሁ፤ “እኔ ከዚህ በታች ጣቴን ያተምኩት የቀን ሠራተኛ በኖራ ከተሰመረው መስመር ውጭ ብቆፍር ለሚደርሰው አደጋ ሁሉ ተጠያቂው ራሴ ነኝ” የምትል። ቆፋሪዎቹን አሰልፌ የእያንዳንዱን አውራ ጣት በቀለም ነክሬ አተምኩ። አቶ ዘውዱ ቅጿን አንብቦ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

ከጣት አታሚዎቹ አንዱ አያ ኪሮስ ናቸው። ከጽጽቃ ወዲህ ካለ ቀበሌ የመጡ፣ ሃምሳውን ያለፉ፣ ቀጭን ሰው። የአፍ መፍቻቸው ኽምጣንጋ ነው፤ አማርኛውን ቃል እየመረጡ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። እኔ ይኼን ዝግታ እንደ ማነስ ነበር የምቆጥረው። ሰውየው ግን ዲጂኖ ይዘው ድንጋይ ሲያስሱ ላያቸው አለቱ ከየት በኩል እንደሚሰነጠቅ የነገራቸው ይመስል ነበር።

የሰቆጣን መሬት የቆፈረ ያውቀዋል። ላዩ አንድ ስንዝር አፈር፣ ከዚያ በታች ድንጋይ፣ ከድንጋዩ በታች ሌላ ድንጋይ። ሰዎቹ የሚከፈላቸው በሜትር ነው። አለቱ ላይ ቀኑን ሙሉ ደም ተፍተው ማታ ስለካ ቁመቴን አይሞላም። ያኔ ከአሮጌው የእህል መጋዘን ጀርባ ደርሰን ነበር። መጋዘኑ ውስጥ የአንድ ማኅበር ወፍጮ ይሠራል፤ ጄኔሬተሩ ደግሞ ከቦያችን ወዲያ ማዶ ለብቻዋ በቆመች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያጓራል። ወፍጮው እዚህ፣ ጄኔሬተሩ እዚያ። በሁለቱ መካከል ደግሞ አንድም የእንጨት ምሰሶ፣ አንድም የተዘረጋ ሽቦ የለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ በዚያ ሳልፍ ስከርም መብራቱ በየት በኩል ይሻገራል ብዬ ራሴን አልጠየቅኩም። ዲፕሎማ አለኝ አላልኳችሁም?

በዚያች ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስደርስ ቆፋሪዎቹ ተሰብስበው በኽምጣንጋ ይከራከራሉ። ምስጋናው የሚባለው፣ የአያ ኪሮስ የሥራ ጓደኛ፣ ጥርስ በጥርስ ሆኖ ተቀበለኝ።

“ኢንጅነር፣ እግዜር ታረቀን! ከኖራው ሁለት እርምጃ ወዲህ ያለው መሬት ቅቤ ነው። ዲጂኖም አይፈልግ፣ በዶማ ብቻ ይሄዳል።”

ወርጄ አየሁት። እውነትም ቅቤ ነው። ዶማ ሲያርፍበት “ጭቅ” እያለ ይቀበላል። ቀጥ ብሎ፣ ልክ እንደ ቦይ፣ ከቆርቆሮው ቤት አቅጣጫ መጥቶ ጥቂት በእኛ አቅጣጫ ይሄድና ወደ መጋዘኑ ይታጠፋል። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባል የለ? እኔ ምላሴን አወጣሁ። በአንድ ቀን የአንድ ሳምንት ሥራ! ለአቶ ዘውዱ የማቀርበው የሥራ ክንውን ሪፖርት ከወዲሁ ታየኝ።

አያ ኪሮስ ግን አልሳቁም። ከአፈሩ አንድ እፍኝ አንሥተው በመዳፋቸው አሹት።

“ኢንጅነር፣ ይኼ አፈር አንዴ የሰው እጅ ነክቶታል።”

“ታዲያ ምን ከፋ አያ ኪሮስ? የነካውን ሰው እግዜር ይስጠው።”

“ሰው እዚህ አገር መሬት በዋዛ አይከፍትም። የከፈተው ወይ አንድ ነገር አውጥቷል፣ ወይ አንድ ነገር አስቀምጧል።”

“ደብዳቤ አለኝ እኮ። ከሥር ምንም የለም።”

አያ ኪሮስ አፈሩን ከእጃቸው አራገፉ። “ደብዳቤው ከሥር ገብቶ አይቷል?” አሉኝ።

ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ያልኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ “ግዴለም፣ በዚሁ ቀጥሉ፤ ኖራውን በኋላ አስተካክለዋለሁ።”

ቆም አድርጌ ልናገር። ያ የኖራ መስመር ቅዱስ አልነበረም፤ የትም ሊሄድ ይችል ነበር። ጥፋቱ ከመስመሩ መውጣታችን አይደለም። ጥፋቱ መሬቱ ራሱ ሲናገር፣ የመሬቱን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሲያስተረጉምልኝ፣ እኔ ማኅተም ያለበትን ማመኔ ነው።

ሦስት ሰዓት ሲሆን አያ ኪሮስ ወገባቸው ድረስ ወርደው ነበር። ቦዩ ጠባብ ስለሆነ ዶማውን ከእጀታው ጫፍ ሳይሆን ከአንገቱ፣ ከብረቱ ሥር ይዘው ነው የሚቆፍሩት። እኔ አሥር እርምጃ ርቄ ሜትር እያነበብኩ እጽፋለሁ። ከቦዩ ውስጥ ነጭ ብርሃን ቦግ አለ፤ እንደ ጥይት ያለ ድምፅ ተከተለ። ያ ሁልጊዜ የሚያጓራው ጄኔሬተር አንዴ አቃሰተና ዝም አለ። ወፍጮው ቆመ። መጋዘኑ ውስጥ እህል ይዘው የተሰለፉ ሴቶች “ኧረ ምን ሆነ?” ሲሉ ተሰማኝ።

ምስጋናው ነው ዘሎ የገባው። እኔ ሜትሬን እንደያዝኩ ቀረሁ። አያ ኪሮስን ብብታቸውን ይዞ ሲያወጣቸው ነፍስ ነበራቸው፤ ዓይናቸው ተገልጧል። ቀኝ እጃቸው ግን ከመዳፉ እስከ ክርኑ የእሳቸው አይመስልም ነበር። የተቃጠለ ሥጋ ሽታ መጣ። ሌላ አልገልጸውም።

የወፍጮው ኦፕሬተር ቅባት የጠጣ ቱታውን እንደለበሰ እየሮጠ መጣ። ቦዩን አየና ራሱን ያዘ።

“ኬብሉን ቆረጣችሁት! ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ሰው አይጠየቅም?”

በድርቁ ዘመን መጋዘኑን የሠሩት የእርዳታ ሰዎች ከጄኔሬተሩ ቤት እስከ መጋዘኑ ኬብል ቀብረው ኖሯል። እነሱ ሲሄዱ ጄኔሬተሩም መጋዘኑም ለማኅበሩ ተላለፈ፤ ወረቀቱ ግን ከባለቤቶቹ ጋር ሄደ። በየትኛውም መሥሪያ ቤት መዝገብ የለም። የማይዋሽ ደብዳቤ ነበር የያዝኩት ማለት ነው። ያንን ኬብል ደግሞ ይኼ ኦፕሬተር በየቀኑ ይጠቀምበታል፤ ከእኛ አርባ እርምጃ ርቆ ነው የሚውል። አልጠየቅነውም። ማኅተም ስለሌለው አልጻፍንለትማ!

አያ ኪሮስን በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረስናቸው። ነርሷ እጃቸውን አይታ ለእኔ ለብቻዬ ነገረችኝ።

“እጁ ከውስጥ እያበጠ ነው። ቶሎ ተከፍቶ ካልተነፈሰ ደም አይደርሰውም፣ ይሞታል። እዚህ ቀዶ ሐኪም የለንም። ወልድያ መድረስ አለባቸው፤ ዛሬ ሳይሆን አሁን። አምቡላንሱ ምጥ የጠናባት ሴት ለማምጣት አበርገሌ ወርዷል፤ መቼ እንደሚመለስ አላውቅም። እናንተ መኪና አላችሁ አይደል?”

አለን። አንድ ፒካፕ፣ ነዳጁ የሞላ። ሾፌሩ ፍስሃ የኮረም ልጅ ነው፤ ወሬውን ሰምቶ ሞተሩን አስነሥቶ ግቢያችን በር ላይ ቆሟል። የቀረው የአቶ ዘውዱ የመውጫ ፊርማ ብቻ ነበር። እየሮጥኩ ገባሁ።

አቶ ዘውዱ ሁሉንም ሰምቷል። መነጽሩን እየጠረገ “ተቀመጥ” አለኝ።

“አቶ ዘውዱ፣ መኪናውን...”

“ተቀመጥ አልኩህ። መኪናውን ዝም ብለን ከሰጠን ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ? ጥፋቱ የእኛ ነው ብለን ፈረምን ማለት ነው። ነገ ፍርድ ቤት፣ ‘ጥፋተኛ ካልሆናችሁ ለምን በመኪናችሁ ወሰዳችሁት?’ ይሉናል።”

“ሰውየው እጁ...”

“ለዚያ እኮ ነው ቶሎ ቶሎ የምንለው! ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ነገሩ ትኩስ እያለ ሪፖርት ጻፍ። ሠራተኛው በገዛ ፈቃዱ ከመስመር መውጣቱን አስፍር። ያቺን የጣት አሻራ ወረቀት አባሪ አድርግ። ከዚያ መኪናውን በትብብር መልክ እንሰጣለን። በግዴታ ሳይሆን በትብብር። ገባህ?”

ገባኝ። እንዲያውም ልክ መሰለኝ። እዚህ ላይ ዋሽቼ፣ ተቆጥቼ ጠረጴዛ ደበደብኩ ልላችሁ እችል ነበር። አልደበደብኩም። ከደረት ኪሴ እስክሪብቶዬን አወጣሁ።

አንደኛውን ረቂቅ አራት ሰዓት ላይ ጨረስኩ። አቶ ዘውዱ አነበበና “‘ወጣ’ አትበል፣ ‘ሆን ብሎ ወጣ’ በል” አለኝ። ሁለተኛውን ጻፍኩ። “‘ኬብል’ አትበል፤ ኬብል መሆኑን በምን አወቅን? ‘ምንነቱ ያልታወቀ ባዕድ ነገር’ በል።” ሦስተኛውን ጻፍኩ። ከዚያ በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩ፤ ጽሑፌ ያማረ ነበርና አቶ ዘውዱ አደነቀልኝ። ማኅተም የምትይዘው ሴት ለቅሶ ሄዳለች ተባለ፤ ተልኮባት እስክትመጣ ተቀመጥን። ምሳ ሰዓት ሆነ። አቶ ዘውዱ ምሳውን በላ። በመስኮቱ ፍስሃን አየዋለሁ። ሞተሩን ያጠፋል፣ ያስነሣል፣ እንደገና ያጠፋል። አንዴ መስኮቱ ድረስ መጥቶ “በጃኻ፣ እባክህ፣ ምንድን ነው የምትጠብቁት?” አለኝ። “ማኅተም” አልኩት። እንደ እብድ አየኝ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ማኅተሙ ተመታ። አቶ ዘውዱ ወረቀቱን አገላበጠና “አንድ ነገር ብቻ ቀረ” አለ። “ራሱ ያትምበት። ቀኙ ከተቃጠለ ግራው አለ። ቀለሙን ይዘህ ሂድ።”

ሄድኩ። በአንድ እጄ ሪፖርቱን፣ በሌላው የቀለሟን ቆርቆሮ ይዤ ጤና ጣቢያ ገባሁ። አያ ኪሮስ አግዳሚ አልጋ ላይ ተንጋለዋል። እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ያክላል፤ ከፋሻው ጫፍ የሚታዩት ጣቶች ጠቁረዋል። ወረቀቱን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

“መጣህ? ለመኪናው ነው አይደል?” አሉኝ።

መልሴን አልጠበቁም። ግራ እጃቸውን ከጋቢው ሥር አወጡና አውራ ጣታቸውን ዘረጉልኝ፤ ቀለም እስክነክራት ይጠብቃሉ።

“ቶሎ በል ልጄ፤ የት ላይ ነው? እጄ እየደነዘዘኝ ነው።”

ቀለሙን ብከፍት ያትሙ ነበር። ማንበብ አይችሉም፤ አምነውኛል። በገዛ ጣታቸው “ጥፋተኛው እኔ ነኝ” ብለው ያጸኑ ነበር፤ ጠዋት አፈሩን አሽተው ያስጠነቀቁኝ ሰው! በሕይወቴ ያን ያህል ራሴን የተጸየፍኩበት ጊዜ የለም። ወረቀቱን ከእነ ቅጂዎቹ፣ ከእነ ማኅተሙ እዚያው ቆሜ ቀደድኩት። ነርሷ ከበሩ ላይ “ወረቀት መቅደድ ይቆየን፤ መኪናው የታለ?” ብላ ጮኸችብኝ።

ሮጬ ተመለስኩ። አቶ ዘውዱ ጠረጴዛ ላይ በመጀመሪያ ባገኘሁት ብጣሽ ወረቀት ጻፍኩ፦ “ቦዩን ከኖራው መስመር ያስወጣሁት እኔ ነኝ። አቶ ኪሮስ አፈሩ የተነካ መሆኑን ነግረውኝ ነበር፤ አልሰማኋቸውም።” ፈረምኩ።

ይቆጣል ብዬ ነበር። ሰውየው ፊቱ ፈካ! ሁለት ጊዜ አነበበው፣ አጠፈው፣ ደረት ኪሱ ከተተው።

“ይኸው! ከጠዋቱ እንዲህ ብትል ኖሮ ይህን ሁሉ ጊዜ አንደክምም ነበር” አለና የመውጫውን ወረቀት ፈረመልኝ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ለአምስት ሰዓት የጠፋው መኪና፣ ጥፋተኛ በተገኘ በአንድ ደቂቃ ተገኘ።

ስምንት ሰዓት ላይ ተነሣን። የኮረምን ጠመዝማዛ ፍስሃ እንዴት እንደነዳው እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። አያ ኪሮስ በመንገድ ብዙ አልተናገሩም፤ መኪናው ሲነጥር ብቻ ጥርሳቸውን ይነክሳሉ። ወልድያ ስንደርስ ጨልሟል፤ ወዲያው አስገቧቸው። በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙ አስጠራኝ። እጁ ከአንጓው በላይ ተቆርጧል።

“ስንት ሰዓት ላይ ነው የተመቱት?” አለኝ።

“ሦስት ሰዓት ጠዋት።”

“ከሰቆጣ የተነሣችሁትስ?”

“ስምንት ሰዓት።”

ካርዱ ላይ ጻፈውና “ሥጋው ሞቶ ነው የደረሰን፤ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ጥቂት ጣት ልናተርፍ እንችል ነበር” አለኝ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ሁለት ሳምንት ተሰበሰበ። መሥሪያ ቤቶቹ የጻፉት ደብዳቤ ሁሉ ትክክል ሆኖ ተገኘ። አቶ ዘውዱ መኪና በመተባበሩ ተመሰገነ። እኔ በብጣሿ ወረቀቴ ተባረርኩ፤ ለዚያ ቅሬታ የለኝም። ለወደፊቱ ተመሳሳይ አደጋ እንዳይደርስ ተብሎ ምን እንደተወሰነ ልንገራችሁ? ቆፋሪዎች በአንድ ቅጽ ፋንታ በሁለት ቅጽ ላይ ጣታቸውን እንዲያትሙ። ቅጹን የፈጠርኩት እኔ ነኝና እንደ ውርሴ ቁጠሩት።

ዛሬም ሥራዬ ቁፋሮ ነው፤ የራሴ ትንሽ ቡድን አለኝ። እናንተም የቤት መሠረት፣ የቧንቧ ቦይ፣ የአጥር ጉድጓድ ታስቆፍሩ ይሆናል። ደብዳቤ አትጻፉ አልላችሁም፤ ጻፉ፣ ይጠቅማል። ግን ወረቀት የአህያ ባል ነው፤ ከጅብ አያስጥልም። ደብዳቤውን ከጻፋችሁ በኋላ በእግራችሁ ዙሩና ማኅተም የሌላቸውን ጠይቁ። ባለ ወፍጮውን፣ ዘበኛውን፣ ድሮ በዚያ ሰፈር ቦይ የቆፈረውን ሽማግሌ። ድንጋያማ አገር ላይ አፈሩ በድንገት ከለሰለሰላችሁ ደስ አይበላችሁ፤ ቁሙ። ዶማውን አስቀምጡና በእጃችሁ፣ በአካፋ፣ ቀስ ብላችሁ ግለጡት፤ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ለስላሳ አፈር እግዜር አይሠራም። ቆፋሪውን በሜትር እየከፈላችሁ ተጠንቀቅ አትበሉት፤ ያ ማሾፍ ነው። “አቁሙ” የማለት ሥልጣን ጉድጓዱ ውስጥ ላለው ሰው ስጡ። ሰው ከተጎዳ ደግሞ መጀመሪያ መኪናው ይሂድ። ክሱ ይደርሳል፤ ክስ ቀርቶበት የሚያውቅ ሰው የለም።

ከሦስት ዓመት በኋላ ሰቆጣ ሄጄ አያ ኪሮስን ጠየቅኳቸው። ለወፍጮው ማኅበር ዘበኛ ሆነዋል፤ ባዶውን እጀታ ጋቢያቸው ውስጥ አስገብተው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ስለ ዝናቡ፣ አረብ አገር ስለሄደች ልጃቸው አወጉኝ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር፤ አልሰደቡኝም። ልነሣ ስል ነው እንዲህ ያሉኝ፦

“አንድ ነገር ልጠይቅህ ብዬ ነበር። ያን ቀን ፍስሃ ነገረኝ፤ እኔ ተኝቼ አንተ ስትጽፍ ዋልክ አሉ። ምን ነበር እንዲያ የምትጽፈው?”

“ስለ አደጋው ነበር፣ አያ ኪሮስ” አልኩ።

“ስለ እኔ ነው?”

“አዎ” ለማለት አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

“አይደለም” አልኩ። “ስለ እኔ ነበር።”

ራሳቸውን ነቀነቁ። “እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ” አሉና በግራ እጃቸው በሩን ከፍተው ገቡ።